የሀዋ የራስ ቅቤ

ቆቦን የምታውቋት በአውቶቡስ መስኮት ከሆነ ምሳ በልታችሁባት ያለፋችኋት ሞቃት ከተማ ናት። ከመኪና ስትወርዱ ወበቁ ፊታችሁን ይመታችኋል፣ ባጃጆች ይከቧችኋል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ትገዛላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። እኔ ያደግኩት ከዚያ በስተምሥራቅ፣ ወደ ዞብል ተራሮች በሚዘልቀው ሜዳ፣ ማሽላ መሐል ነው። ባለፈው ጥቅምት ከአዲስ አበባ ተነሥቼ ሄጄ ነበር። ይህን የምጽፈው ከተመለስኩ በኋላ ነው፤ ወደዚያ ለማትሄዱ፣ ብትሄዱም ከአስፋልቱ ለማትወጡ።

የወሰደኝ ናፍቆት ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ። የወሰደኝ ታላቅ እህቴ ሀዋ ናት። እናታችን የሞተችው እኔ ገና ዳዴ እያልኩ ነው፤ ሀዋ በጀርባዋ አዝላ፣ ከማሽላው እሸት ፈልፍላ አብልታ አሳደገችኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ሀዋ ዝም አለች። ትበላለህ ወይ፣ ትጠጣለህ ወይ የማትል፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የምትውል ሰው ሆነች። ምን ነካት ብትሉኝ በዚያ ሁሉ ክፉ ዘመን ያልተነካ ሰው ማን አለ ከማለት በቀር መልስ የለኝም። ሐኪም ዘንድ ተወሰደች፣ የድባቴ ክኒን ታዘዘላት፣ ከጥቂት ወራት በኋላ በስልክ ድምፅዋን ሰማሁ። ከዚያ መስከረም ላይ ባሏ ጋሽ አህመድ ደወሉልኝ።

«ሀዋ ወደዚያው ተመልሳለች» አሉኝ። «ላሟ እንኳ ስትጮህ ዞር ብላ አታይም። ና እስቲ አንተው እያት።»

አንተው ያሉት የተማርኩ ነኝ ብለው ነው። የባዮኬሚስትሪ መምህር ነኝ፤ ዶክተር ይሉኛል፣ ግን የሰው ደም ግፊት ለክቼ አላውቅም። ይህን ለቤተሰቤ በደንብ አላስረዳሁም። ማዕረጉ ደስ ይለኝ ነበርና ዝም አልኩ።

ማክሰኞ

አውቶቡሱ ሲነሣ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ መንገዱ ሰላም ነው ወይ? ሹፌሩ «እስከ ትናንት ድረስ ነበር» አለ። በዚህ ተጽናንተን ሄድን።

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ አጥንት ይገባ ነበር። ከጣርማ በር ቁልቁል ስንወርድ ሹራቤን አወለቅኩ፤ ከሚሴ ስንደርስ ጫማዬንም ማውለቅ ፈለግኩ። በመሐሉ አንድ ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ሻንጣ አስፈተሽን። ከሻንጣዬ አንድ ብልቃጥ ወጣ፤ ውስጡ ወርቅማ፣ ለስላሳ እንክብሎች አሉ።

«ምንድን ነው?» አለኝ ፈታሹ ወጣት።

«የዓሣ ስብ።»

«ለምን ይሆናል?»

«ለአንጎል» አልኩ፤ የመምህር ነገር ሆኖብኝ ማብራራት ጀመርኩ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሰማኝ። ወጣቱ በትዕግሥት ጨረሰኝና ብልቃጡን መለሰልኝ።

«በል አንዷን አሁን ዋጥና ግባ» አለኝ፤ ሰዉ ሳቀ።

ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ያለዚያ የኋላው ነገር አይገባችሁም። የአንጎላችን ሴል ሁሉ በቀጭን የስብ ሽፋን የተከበበ ነው። ሴሮቶኒን የሚባል ኬሚካል ከአንዱ ሴል ወደ ሌላው መልእክት ያደርሳል፤ ከስሜታችን፣ ከእንቅልፋችን፣ ከምግብ ፍላጎታችን ጋር ብዙ ጉዳይ አለው። ሲደርስ የሚቀበሉት በሽፋኑ ላይ የተተከሉ ፕሮቲኖች ናቸው። የጭቃ ቤት አስቡ፦ ሽፋኑ ግድግዳው ነው፣ ተቀባዩ ፕሮቲን በሩ ነው። ለረጅም ጊዜ የምናጠናው በሩን ብቻ ነበር። ግን ጭቃው ሲያብጥ ወይም ሲሰነጠቅ ደህናው በርም አልከፈት ይላል። ሽፋኑ ውስጥ ያለው የስብ ዓይነት፣ የኮሌስትሮሉ መጠን፣ መጥበቁና መላላቱ፣ ተቀባዩ ሴሮቶኒንን እንዴት እንደሚይዝና ወሬውን ወደ ውስጥ እንዴት እንደሚያሳልፍ ይለውጣሉ። ከድባቴ መድኃኒቶችም አንዳንዶቹ በዚሁ ስብ ውስጥ ቀስ ብለው ይጠራቀማሉ፤ ለመሥራት ሳምንታት የሚፈጅባቸው በከፊል በዚህ ይሆናል ብለው የሚያስቡ አሉ። ገና ብዙ ያልተፈታ ነገር አለው። የእኔ እንጀራ ይህ ነው።

የዓሣ ስቡን የያዝኩት ግን ከሳይንስ ይልቅ ባዶ እጄን መሄድ አፍሬ ነው።

ያደርኩት ደሴ ነው። የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት የሙቅ ውሃ መስመሩ እንደተበላሸ ነግራኝ ይቅርታ ጠየቀች፤ ከዚያ በራሷ ምድጃ አሙቃ በጄሪካን አመጣችልኝ። ጠዋት ያቀረበችልኝ ቅንጬ ላይ የፈሰሰው ቅቤ ግማሹን ሳልበላ ደነደነ። እኛ አገር ቅቤ እንዲህ ሲደነድን አያውቅም ብዬ አሰብኩ። እኛ አገር ያልኩት ሃያ ስምንት ዓመት የኖርኩበትን አዲስ አበባን አልነበረም።

ረቡዕ

በሚኒባስ ሐይቅን፣ ውርጌሳን፣ መርሳን አልፈን ወልድያ ገባን፤ እዚያ መኪና ቀየርኩ። ከወልድያ በኋላ ተራሮቹ ወደ ግራና ቀኝ ገለል ይላሉና ሜዳው ይከፈታል። ደረቴም አብሮ ይከፈታል፤ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። ማሽላው ራሱን ጥሎ፣ ቀይም ነጭም ሆኖ፣ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ቆሟል። አዲስ አበባ ባለው ሰፈሬ ከመስኮቴ ወዲያ ሌላ መስኮት ነው የሚታየው።

ጎብዬ ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። መለወጫው ጎማም አየር አልነበረውም። ካፌ ደጃፍ ጥላ ፈልገን ስንቀመጥ አንድ ገበሬ ጥንቅሽ ታቅፎ መጣ፤ እንደ ሸንኮራ አገዳ የሚመጠጠውን ጣፋጭ የማሽላ አገዳ ማለቴ ነው።

«እንካ ምጠጥ፤ የከተማ ሰው ትመስላለህ» አለኝ።

«የዚህ አገር ልጅ ነኝ» አልኩ።

«እንግዲያ በጥርስህ ላጠው!»

ላጥኩት። በሁለተኛው ንክሻ አዲስ አበባ ያስሞላሁት ጥርስ ሙሌቱ ወጣ። ገበሬው ከእኔ በላይ ደነገጠ። የራሱን ቢላ አውጥቶ የቀረውን ልጦ፣ ቆራርጦ፣ ለሕፃን እንደሚደረገው አደረገልኝ። ጎማው ተሠርቶ እስክንነሣ ድረስ አጠገቤ ተቀምጦ ቆየ። ማን እንደሆነ እንኳ ስሙን አልጠየቅኩትም፤ አሁን ይቆጨኛል።

ሮቢትን አልፈን ቆቦ ስንገባ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላለች። ሻንጣዬ ከሞተሩ አጠገብ ነበር የተቀመጠው። ብልቃጡን ባወጣው እንክብሎቹ ቀልጠው፣ ተጣብቀው አንድ ድቡልቡል ሆነዋል።

ቆቦ ያረፍኩት እማማ ለተ ቤት ነው። ትውልዳቸው ከደቡብ ትግራይ ነው፤ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ አራት አልጋና አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት አላቸው። አባቴ በሕይወት ሳለ ቆቦ ከዋለና ከመሸበት እዚሁ ነበር የሚያድር። እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፣ እኛ እስላም ነን፤ ለእስላም እንግዳ ብቻ የለዩት ድስት አላቸው፣ ከዚያ ድስት ሽሮ ሠርተው አቀረቡልኝ። ድስቱን አወቅኩት። ጆሮው ያኔም የተቆረጠ ነበር።

«ብላ እንጂ ወደይ» አሉኝ፤ በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው። «አፈር ስሆን! አባትህ ሁለት እንጀራ ነበር የሚያነሣ።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እናንተ ቤት ድግስ አለ እንዴ? ጋሽ አህመድ የቤቱ ቅቤ አልበቃ ብሎት ከገበያ ለጋ ቅቤ ይፈልጋል» አሉኝ።

ስለ ድግስ የሰማሁት ነገር እንደሌለ ነገርኳቸው። ነገሩም አላሳሰበኝም።

ሐሙስ

ጠዋት ባጃጅ ያዝኩ። የሆርማት ወንዝ ደረቅ አሸዋው ላይ ስንደርስ ባጃጇ ሰመጠች፤ እኔና ሹፌሩ ገፋን፣ አሸዋው ጫማዬን ሞላው፣ ባጃጇ ግን ወደፊት ሳይሆን ወደ ጎን ሄደች። በመጨረሻ ሻንጣዬን ተሸክሜ በእግሬ ሄድኩ። በልጅነቴ ይህን ወንዝ የተሻገርኩት በሀዋ ጀርባ ላይ ነው፤ ውሃው ጉልበቷ ድረስ ሲደርስ «አንገቴን አጥብቀህ ያዝ!» ትለኝ ነበር።

ቤት ስደርስ ሀዋ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቷል፤ ፀጉሯ በቅቤ ርሶ ግንባሯ ድረስ ወርዷል። የለጋ ቅቤ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል።

ያ ሽታ ምን እንዳደረገኝ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ትምህርት የገባሁ ሰሞን ሀዋ ራሴን ቀብታ ነበር የላከችኝ። የክፍል ልጆች አፍንጫቸውን ሲይዙ አየሁና በዚያው ቀን በልብስ ሳሙና ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ከዚያ በኋላ ቅቤ ራሴን ነክቶት አያውቅም። አሁን በሩ ላይ ቆሜ እንባዬ መጣ።

«እታለም» አልኳት፤ ታላቅ እህቴን የምጠራት እንዲሁ ነው።

አየችኝ። «መጣህ?» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ሳቅፋት እጇ ጀርባዬ ላይ አላረፈም።

ጋሽ አህመድ ከላም በረቱ መጡ፤ ትከሻዬን ደጋግመው ሳሙኝ። እርጎ ተቀዳልኝ። ከእርጎው በኋላ ክኒኑን በሰዓቱ እየወሰደች እንደሆነ ጠየቅኩ።

«ኧረ ከተወችው ሦስት ወር ሊሆነው ነው» አሉ፣ ደስ ብሏቸው።

«ማን አስተዋት?»

«አንተ ነሃ!»

ቀልድ መሰለኝ። ጋሽ አህመድ ግን የሚቀልድ ሰው ፊት አልነበራቸውም። በመዳፋቸው ጉልበታቸውን እየመቱ እንዲህ አስረዱኝ፦

«ሐምሌ ላይ ደውለህ ሰፊ ትምህርት ሰጠኸን። ስልኩን ድምፁን ከፍቼ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። የአንጎሉ ሽፋን ስብ ነው አልክ። ስቡ ሲበላሽ መልእክቱ አያልፍም አልክ። መድኃኒቱም ሄዶ የሚቀመጠው ስቡ ውስጥ ነው አልክ። አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«ወላሂ እኛም አሰብንበት። ነገሩ ስብ ከሆነ ክኒኑ ምን አገባው? ስብ አጣን እንዴ እኛ? በአፏም በራሷም ሰጠናት። ጎረቤታችን ከድጃ በየሦስት ቀኑ ትቀባታለች። ግን ይኸው፣ አልሰማ አላት።»

ከሐኪም ቤት የታዘዘውን መድኃኒት ያስጣልኳት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አልነበረም። ያን ቀን በስልክ አሥራ አምስት ደቂቃ የለፈለፍኩት አዲስ የጻፍኩት ጥናት ተቀባይነት አግኝቶ ደስ ብሎኝ ነው፤ የሚሰማኝ አግኝቼ ነው። ክኒኑን ግን እንዳታቋርጪ የምትል አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

ቅቤ ከራስ ቅል አልፎ አንጎል እንደማይገባ፣ የሚበላውም ቅቤ እንዳለ ሄዶ የአንጎል ሽፋን እንደማይሆን፣ አንጎል ኮሌስትሮሉን ራሱ እንደሚሠራ ነገርኳቸው። ጋሽ አህመድ ሰሙኝ። ከዚያ ሻንጣዬ አጠገብ ያለውን ብልቃጥ አንሥተው ድቡልቡሉን እያገላበጡ አዩት።

«ይህስ ምንድን ነው?»

«የዓሣ ስብ።»

«ለማን?»

«...ለሀዋ።»

«ዓሣ የላሜን ያህል ተከበረ በለኛ» አሉና ብልቃጡን ቀስ ብለው አስቀመጡት።

ዓርብ

ዶክተር መጣ ተብሎ ተወርቶ ጠዋት ደጃፉ ሞላ። ጉልበቱን የሚያመው፣ ዓይኗ የጨለመባት፣ አንዱ ደግሞ ወተት የከለከለች ፍየል ይዞ። የሕክምና ሰው እንዳልሆንኩ ነገርኳቸው። አንድ ሽማግሌ በትሕትና፣ «ታዲያ የምን ዶክተር ነህ?» አሉኝ። ይህን ጥያቄ ከዓመታት በፊት ራሴ መመለስ ነበረብኝ።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሀዋን ወደ ማሽላው ይዣት ሄድኩ። ማማው አሁንም አለ፤ ወፍ የሚጠበቅበት ከፍ ያለ የእንጨት ቆጥ። ልጅ ሳለሁ በጥቅምት ቀኑን ሙሉ እዚያ ላይ ነበርን። እሷ ወንጭፍ ታጮሃለች፣ ትዘፍናለች፤ እኔ ጠጠር አቀብላታለሁ። ዛሬ ግርጌው ላይ ተቀመጠች። ወፎቹ መንጋ ሆነው አረፉ። ቀና ብላ አላየችም።

ላስቃት ብዬ ወንጭፉን አነሣሁ። አዙሬ አዙሬ ስለቀው ድንጋዩ ወደ ኋላ ሄዶ የውሃ ጄሪካናችንን ቀደደው። ውሃው ተንዠቅዥቆ አለቀ። ሀዋ አልሳቀችም። ድሮ ቢሆን መሬት ላይ ትንከባለል ነበር፤ እኔም ባሰብኩት ቁጥር ልቤ ይሰበራል።

አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስለ ክኒኑ አወራኋት። ስለ ሽፋኑ፣ ስለ በሩ፣ ስለ ጭቃው። እየቆየ ራሴም ራሴን ጠላሁት።

«ተወኝ ሰይዴ» አለች። «ደክሞኛል።»

ተነሥታ ብቻዋን ወደ ቤት ሄደች።

ቅዳሜና እሑድ

ቅዳሜ ዝናብ ጣለ፤ ያለ ወቅቱ ነው፤ ጋሽ አህመድ ለማሽላው ተጨንቀው ሲወጡ ሲገቡ ዋሉ። እኔም ስወጣ ስገባ ዋልኩ። ፈቃዴ የሚያልቀው ረቡዕ ነው። ክኒኑን እንደገና ሳላስጀምራት ብሄድ፣ ከዚያ በኋላ በስልክ የምናገረው ሁሉ ዋጋ እንደማይኖረው አውቃለሁ። ቀዬው ውስጥ የኔ ቃል ከሐኪም ቤቱ ቃል በልጦ ነበር፤ አሁን ከሁለቱም አንዱ አልቀረም።

እሑድ ጠዋት ከድጃ መጣች። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። «አብሽሪ ሀዋዬ፣ አብሽሪ» እያለች ሀዋን ጉልበቷ መሐል አስቀመጠችና ፀጉሯን ፈታችው። የለጋ ቅቤው በጣባ ነው። ሙቀቱ ገና በጠዋት ከነኩት የሚያፈስ አድርጎታል። ከድጃ እየቀባች የሰፈሩን ወሬ አንድ በአንድ ነገረቻት፦ የማን ላም ወለደች፣ የማን ሠርግ ተሰረዘ። ሀዋ አልመለሰችም። ግን ዓይኖቿን ከደነች፤ ትከሻዋ ወረደ። ከመጣሁ ጀምሮ ትከሻዋ ሲወርድ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከድጃ እጇን ልትታጠብ ስትወጣ ሀዋ ተናገረች።

«ና ቁጭ በል።»

«እኔ?»

«ራስህ ደርቋል።»

ራሴ መደረቁ ብቻ አይደለም፣ ፀጉሩም ከመሐል አልቋል። ጉልበቷ ፊት መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ቅቤውን በሁለት እጇ አሽታ ራሴ ላይ አሳረፈች። በጆሮዬ ኋላ ወረደ፣ በአንገቴ ገባ፣ የአዲስ አበባ ሸሚዜን አበላሸ። አንገቴን ቀና እንዳደርግ በአገጬ ያዘችኝ፤ ልክ እንደ ድሮው።

«ያ ክኒን» አለች ከኋላዬ፣ በቀስታ፣ ቃሉን ከሩቅ እንደምታመጣው ሁሉ። «ስውጠው ብቻዬን ነኝ። አንድ ጉንጭ ውሃ፣ አለቀ። ይህን ሲቀቡኝ ሰው አጠገቤ አለ። ለዚያ ነው የተውኩት። አንተ ስብ ስላልክ አይደለም። አህመድ ነው እንዲያ የሚል።»

በሥራዬ ስለ ተቀባዩና ስለ ሽፋኑ ስናገር ኖሬ፣ አንድ ሰው ክኒኑን ሲውጥ ማን አጠገቡ አለ ብዬ አንድ ቀን አላሰብኩም።

«ክኒኑ ግን ትንሽ አሽሎሽ ነበር፣ አይደል?» አልኳት።

ጣቶቿ አላቆሙም።

«አሽሎኝ ነበር» አለች በኋላ። «ማሽላው ቀለሙ ይታየኝ ነበር።»

«እታለም፣ ቅቤውን ማንም አይንካብሽ። ከድጃ ትምጣ፣ ትቀባሽ። ግን በአፍሽ አትጠጪው፣ እሱ ለልብሽ አይበጅም። ክኒኑን ደግሞ ብቻሽን አትውጪ። ከድጃ ባለችበት፣ ጋሽ አህመድ ባሉበት ይሁን። እኔም በዚያችው ሰዓት እደውላለሁ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«ትምህርት ታበዛለህ።»

«ትምህርት የለም። ዋጥሽ ወይ ብቻ።»

ከቅቤው ውስጥ ያለውን እጇን አውጥታ ጉንጬ ላይ አደረገችው። እሺ አላለችም፣ እምቢም አላለችም። እኔ ግን አለቀስኩ፤ እንባውና ቅቤው ተደባልቆ ከድጃ ስትመለስ ምን እንደሆነ ለመለየት ተቸገረች።

ሰኞ

ጠዋት ሀዋ ራሷ ሻሿን አስራ ደጃፍ ቆማ አገኘኋት። አራታችን ቆቦ ሄድን፤ ከድጃም ቀረሁ አላለች። ጤና ተቋሙ ውስጥ የተቀበለችን ነርስ ሀዋን አስታወሰቻት። ታሪኩን ስነግራት ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ።

«እርስዎ ሐኪም ነዎት?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው ሁለተኛ ሲያስረዱ መጨረሻው ላይ "መድኃኒቱን ግን ሐኪም ሳያማክሩ አታቋርጡ" ይበሉ። ይኸው ነው፤ አጭር ነው።»

ራሴን ነቀነቅኩ። ከአንገትጌዬ የቅቤ ሽታ ስለወጣ ለመከራከርም የሚሆን ክብር አልነበረኝም። ነርሷ ከሐኪሙ ጋር ተማክራ ስትመለስ ክኒኑ ከትንሹ መጠን እንደገና እንዲጀመር ተወሰነ። ለውጥ ለማየት ሳምንታት እንደሚፈጅ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ ሊያቅለሸልሽ እንደሚችል፣ ከባሰባት ወዲያውኑ ይዘዋት እንዲመጡ ለጋሽ አህመድ ደጋግማ ነገረቻቸው። እሳቸውም እንደ ተማሪ በጣታቸው እየቆጠሩ መለሱላት። እኔ በአሥራ አምስት ደቂቃ ሳይንስ ያበላሸሁትን እሷ በአምስት ደቂቃ አቃናችው።

የመጀመሪያዋን ክኒን የዋጠችው እማማ ለተ ቤት ነው። ጠረጴዛውን ከብበን ተቀመጥን። እማማ ለተ ውሃውን ራሳቸው ይዘው ቆሙ። ጋሽ አህመድ «ቢስሚላህ» አሉ። ሀዋ ሁላችንንም ዞር ብላ አየችን፤ ዋጠች። ከዚያ እማማ ለተ ሽሮውን በዚያችው ጆሮዋ በተቆረጠ ድስት አቀረቡ።

ማክሰኞና ረቡዕ

በመመለሻው መኪና አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ገና ሮቢት ሳንደርስ መስኮቱን ከፈተ። ደሴ ስደርስ ብርዱ ቅቤውን ሸሚዜ ላይ አደነደነው። ያች የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት አሸተተችኝና፣ «እናትህን ጠይቀህ መጣህ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ሙቅ ውሃ አመጣችልኝ፤ ፊቴን ብቻ ታጠብኩበት።

አዲስ አበባ ገብቼ በቃሌ መሠረት በየቀኑ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ደወልኩ። «ዋጥሽ?» «ዋጥኩ።» ይኸው ነበር። ሦስት ሳምንት፣ አራት ሳምንት፣ አንድ ቃል አልተጨመረበትም። ቤተ ሙከራዬ ገብቼ ስለ ሽፋኑ ስጽፍ እጄ ይከብደኝ ጀመር። በመሐሉ አንድ ጊዜ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ቀርባ መጠኑ ከፍ ተደረገላት። ላይሠራ ይችላል፣ ለሁሉም ሰው አይሠራም፤ ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፣ ከማንም በላይ የፈራሁትም እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ መግቢያ ላይ አንድ ጠዋት፣ ከሰዓታችን ውጪ፣ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ አህመድ ናቸው። ትንፋሻቸው ይቆራረጣል፤ ክፉ ነገር መስሎኝ ከወንበሬ ተነሣሁ።

«ሰይዴ! ዛሬ ሰደበችኝ!»

«ምን አሉኝ?»

«ላሚቱን አርፍደህ አሰማራሃት ብላ ሰደበችኝ! አባቴንም ጨምራ! አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ!» ይስቁ ይሁን ያለቅሱ መለየት አልቻልኩም። ከበስተኋላቸው የአንዲት ሴት ድምፅ ይሰማል፤ ጮክ ያለ፣ የተቆጣ።

እኔም ሳቅ አመለጠኝ። ከዚያ ስልኩን ነጠቀቻቸው።

«አንተ ደግሞ ምን ያስቅሃል?» አለችኝ ሀዋ። «ያንን ጄሪካን ቀደህ ዝም ብለህ ሄድክ አይደል? በምን ውሃ ልቅዳ ብለህ ነው? የተማረ ሰው እንዲህ ነው? ደግሞ ያ የዓሣ ነገርህ ቤቱን አገማው፣ ድመቷ ስንት ቀን ስትጮህበት...»

ቀጠለች። የከፋሁበትን፣ ያጠፋሁትን፣ የረሳሁትን ሁሉ ዘረዘረች። እኔ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። እንዳታቆም ፈርቼ አንድም ቃል አልመለስኩም።